ከፓርኪንጉ በፊት መንደር ነበር

ከቤተ ክርስቲያናችን ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ አንድ ትልቅ የድንጋይ በር ቆሟል። ድንጋይ ይመስላል እንጂ ድንጋይ አይደለም፤ በጣት ሲያንኳኩት እንደ ባዶ ጣሳ ይጮሃል። አናቱ ላይ ደወል የሌለው የደወል ቤት አስቀምጠውበታል፤ በደወሉ ቦታ ካሜራ ተሰቅሏል። ከሥሩ በወርቃማ ፊደል «ጥንታዊ የእንግሊዝ መንደር» የሚል ተጽፏል። ጥንታዊ የተባሉት ቤቶች ሲሠሩ በዓይኔ አይቻለሁ። ምስማር ሲመቱ ቅዳሴውን ያውኩብን ነበር።

ይህን በር ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። እዚህ ቴክሳስ፣ እሁድ እሁድ ከሌዊስቪል ተነሥቼ ከማኪኒ ወዲያ እስካለው ቤተ ክርስቲያናችን ስነዳ በመንገድ ላይ ጸሎቴን አደርሳለሁ፤ በሩ ጋ ስደርስ የጸለይኩት ሁሉ ይበተናል። ሰዎች ቤት ስለሠሩ አይደለም የምናደደው፤ ሰው ቤት ያስፈልገዋል። የሚያንገበግበኝ የውሸቱ መንደር እውነተኛውን ገፍቶ ማስወጣቱ ነው። እውነተኛው የእንግሊዝ መንደር የነበረው ከመንገዱ በዚህኛው ወገን፣ እኛ በምናስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ከእሱ የተረፈው የድንጋዩ ቤተ ክርስቲያን፣ ጣሪያ ያለው የእንጨት በር፣ ለውዝ መሳይ ፍሬ የሚያፈራ አንድ ትልቅ የፔካን ዛፍና የመቃብሩ ቦታ ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው በመቃብሩ ላይ ስለ ተሠራው ነገር ነው። የሠሩት ደግሞ የማዶዎቹ ብቻ አይደሉም፤ እኛም አለንበት።

የመንደሩን ታሪክ የነገሩኝ እማማ ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ እማማ ያሏቸው የእኛ ሴቶች ናቸው፤ እሳቸውም ትርጉሙን ጠይቀው ከሰሙ በኋላ ወደዱት። ረጅም፣ ወገባቸው ያልጎበጠ፣ ንግግራቸው እንደ ቴክሳስ ገጠር ሰው የሚጎተት፣ ከመንደሩ ተወላጆች የመጨረሻዋ ነበሩ። ልጅ አልወለዱም። ባላቸው ከፔካኑ ዛፍ ሥር ተቀብረዋል። የሁለቱም ስም በአንድ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀርጿል፤ በእሳቸው ስም ሥር የተወለዱበት ዓመትና አንዲት ሰረዝ አለች፤ ከሰረዟ ቀጥሎ ባዶ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ክው አልኩ። በእኛ ዘንድ የቁም ሰው ስም መቃብር ላይ መጻፍ ሟርት ነው። እሳቸው ግን ድንጋዩን በመሃረብ እየወለወሉ፣ «ቦታዬን ይዤ ነው» አሉኝ። «ቤተ ክርስቲያን ወንበር ላይ ባርኔጣ አስቀምጦ እንደመውጣት ነው። ማንም አይቀመጥበትም።»

ቅድመ አያቶቻቸው ከአንድ የእንግሊዝ ገጠር አጥቢያ ተያይዘው የመጡ ጥቂት ቤተሰቦች ነበሩ። ያገኙት መሬት ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሲዘንብ ጫማ ያስቀራል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ዛሬም በዚህ አካባቢ ሰዉ በበጋው ሙቀት የቤቱን መሠረት በጎማ ውሃ ያጠጣል፤ አለዚያ ግድግዳው ይተረተራል። እነሱ ግን ከቤታቸው በፊት ቤተ ክርስቲያኑን ሠሩ። የአገራቸውን አስመስለው፣ ድንጋዩን ከሩቅ በጋሪ አስጭነው፣ አጭር የደወል ቤት፣ ዝቅ ያለ አጥርና መግቢያው ላይ ጣሪያ ያለው በር አደረጉለት። በሩ ሥር ረጅም የድንጋይ መደብ አለ። የሬሳ ሳጥን የሚያርፍበት ነው፤ ቄሱ ወጥቶ እስኪቀበለው ድረስ ሟቹ እዚያ ይቆያል። የእኛ ሰዎች ቦታውን ሊያዩ የመጡ ጊዜ ይህን በር ማንም ሳያስረዳቸው አወቁት። አንዱ ሽማግሌ «ይኸውላችሁ ደጀ ሰላሙ» አሉና ኮፍያቸውን አውልቀው መቃኑን ተሳለሙ።

እማማ የዘመዶቻቸውን ጠባይ አልደበቁኝም። ግትሮች ነበሩ ይላሉ። ሁለት ቤተሰቦች በአንዲት አጥር ዘላይ ላም ተኳርፈው፣ ላሟ ሞታ፣ የላሟ ባለቤት ሞቶ፣ ልጆቻቸው ሳይቀሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ግራና ቀኝ ተለያይተው ይቀመጡ ነበር። ሐሜት ይወዳሉ። ከጥጥ ለቃሚዎቹ የአንዷ ሜክሲኳዊት ሕፃን የሞተ ጊዜ ሽማግሌዎቻቸው «የእኛ አጥቢያ አይደለም» ብለው ከአጥሩ ውጭ አስቀበሩት። እማማ ይህን ሲነግሩኝ የተቀበረበትን ቦታ በጣታቸው አሳዩኝ፤ አሁን የመንገዱ ጠርዝ ሆኗል። «ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ግን ነውር መሆኑ ገብቶኝ ነበር» አሉ።

ከመንደሩ ሰው አንዱ ሲሞት ግን ኩርፊያ የለም። ደወሉ በሟቹ ዕድሜ ልክ ይመታል። እርሻ ላይ ያለው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ይቆጥራል፤ ደወሉ ሲያበቃ ማን እንዳረፈ ያውቃል። ከዚያ ወንዶቹ አካፋ፣ ሴቶቹ ምግብ ይዘው ይመጣሉ፤ በላም የተኳረፉትም ሳይቀሩ። ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ። ምን እንዳሳቀኝ ሲጠይቁኝ፣ «ይሄማ እድር ነው» አልኳቸው። ጥሩምባ ነፊው በየሰፈሩ እየዞረ እንዴት እንደሚያረዳ፣ ድንኳኑን፣ ለቅሶ መቀመጡን ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና፣ «ታዲያ የቱ እንግሊዛዊ ነው ያስተማራችሁ?» አሉኝ።

መንደሩን የገደለው አንድ ነገር አይደለም። ባቡሩ በማኪኒ በኩል አለፈ። ጥጡ ረከሰ፣ መዳመጫው ተዘጋ፣ ትምህርት ቤቱ ተከተለ፣ ሱቁ ተከተለ። ልጆቹ ዳላስ ገብተው ቀሩ። በመጨረሻ መሬት ገዢዎቹ መጡና ቤቶቹን በአንድ ሳምንት ጠርገው ጣሉ፤ የመንደሩንም ታሪክ ለማስታወቂያ ወስደው ከማዶ በር ላይ ጻፉት። እማማ ባላቸው በሕይወት ሳሉ አንድ ጊዜ ወደ እንግሊዝ ሄደው የቅድመ አያቶቻቸውን አጥቢያ አይተዋል። ቤተ ክርስቲያኑ በወር አንዴ ነው የሚከፈተው፤ አንድ ቄስ ለብዙ መንደር ይዳረሳል። የመቃብሩ ሣር ግን ታጭዷል። አጫጁ ሰውዬ እግዜር መኖሩን እንደማያምን ነግሯቸዋል። ለምን ታጭዳለህ ቢሉት፣ «ጎረቤቶቼ ናቸዋ» አላቸው። ይህን ነገር እማማ ደጋግመው ያነሡት ነበር።

እዚህም ምእመኑ አልቆ እማማን ጨምሮ ሦስት አሮጊቶች ሲቀሩ ቤተ ክርስቲያኑን ለእኛ ሸጡልን። ያን ጊዜ እኔ ግሬፕቫይን ከተማ ባለ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ፤ እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው ተብዬ በየስብሰባው አስተርጓሚ ሆንኩ። ቁልፉ የተሰጠን ዕለት ሁላችንም በዚያ ጣሪያ ባለው በር ሥር ቆመን ነበር። እማማ ቁልፉን በእጃቸው ይዘው፣ «አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔስ?» አሉ። በጣታቸው ወደ ፔካኑ ዛፍ አመለከቱ። ቀድመው የመለሱላቸው የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ በሩን ደጀ ሰላም ያሉት ሽማግሌ። «ቤታችሁን እንጂ ሙታናችሁን አልገዛንም» አሉ። «እነሱ በቦታቸው ይኖራሉ። እርስዎም ቀንዎ ሲደርስ ከባለቤትዎ አጠገብ ያርፋሉ። የምንቀብርዎትም እኛ ነን።» እኔ ቃል በቃል ተረጎምኩ። ቄሱ ነበሩ፣ የሰበካ ጉባኤው አባላት ነበሩ፣ አሜን አልን። እማማ ቁልፉን ያስረከቡት ከዚያ በኋላ ነው። ያ ቃል የወጣው ከዳኛው ልብ ቢሆንም ወደ እማማ ጆሮ የገባው በእኔ አፍ ነው።

ከዚያ በኋላ እማማ የእኛ ሆኑ። መጀመሪያ የመጡ ዕለት በቅቤና በእንቁላል የተሠራ ትልቅ ኬክ ተሸክመው መጡ፤ ዐቢይ ጾም ነበር። ሴቶቻችን እያመሰገኑ ተቀበሏቸው፤ ሕፃናቱ ጠገቡ። በኋላ ሲገባቸው ቀኖቹን ከእኔ አጠኑና ለጾም በዘይት፣ ለፍስክ በቅቤ መጋገር ጀመሩ። ከእኛ አንድ ሰው ሲሞት ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው መጥተው ከሴቶቹ ጎን ይቀመጣሉ። ቋንቋውን አይሰሙም፤ ግን ቡና ቀርቦ፣ ጨዋታ ተጀምሮ፣ ሰው ስልኩን ማየት ሲጀምር እንኳ አይነሡም። ዳኛው «ይህች ሴት ከብዙ እድርተኛ ትበልጣለች» ብለው ከአባላቱ ደመሯቸው። ማንም አልተቃወመም።

የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ያኔም አልተቃወመም። እሱ የሕንፃ መሐንዲስ ነው፤ የያዘውን ሥራ ሳይጨርስ የማይለቅ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሌት ተቀን የደከመ ሰው። ይህን መካድ ግፍ ነው። ስለ እሱ ሌላም የማውቀው ነገር አለ። አንድ እሁድ አዲስ አበባ ካለው ወንድሙ ስልክ ተደወለለትና በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የአባታቸው መቃብር ያለበት ደብር የሚከራይ ሱቅ ሊሠራ ፈልጎ፣ አጽሙን አንሡ ተብለው፣ ወንድምየው በጊዜ ስላልደረሰ ሌሎች አውጥተውት ነበር። «በማዳበሪያ ጆንያ» አለን። «አባቴን በማዳበሪያ ጆንያ።» በዙሪያው የቆምን ሁሉ አብረነው ያንን ደብር ረገምን።

እንግዲህ ይኸው ሰው ነው መቃብሩን ፓርኪንግ እናድርገው ብሎ የተነሣው።

ነገሩ የመጣው ከማዶ ነው። ምእመኑ በዛ፤ በዲቪ ሎተሪ በመጣው፣ በአየር ማረፊያ ሠራተኛው፣ በመጋዘን ሠራተኛው ግቢው ሞላ። ቦታ ያጡ ሰዎች መኪናቸውን «ጥንታዊው መንደር» ውስጥ ያቆሙ ጀመር። የመንደሩ ነዋሪዎች ማኅበርም ቅዳሴ ላይ ሳለን መኪኖቹን በተጎታች እያስነሣ አስወሰደ። አንዲት ከአገር ቤት በመጣች በወሩ የቆረበች ልጅ ወጥታ መኪናዋን ስታጣ ተሰርቄአለሁ ብላ መንገድ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ችግሩ እውነተኛ ነው። መፍትሔው ግን ሌላም ነበረ፤ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ሰው በአውቶቡስ ማመላለስ ይቻላል ብዬ ተናግሬአለሁ። የሚሰማ አልነበረም። አንድ ማክሰኞ ለሥራ ጉዳይ በዚያ ሳልፍ መቃብሮቹ መሐል የእንጨት ችካሎች ተተክለው፣ በየጫፋቸው ብርቱካናማ ሪባን ታስሮ አየሁ። አንዱ ችካል የተተከለው ከእማማ ድንጋይ ግርጌ ነበር።

ስብሰባው ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ሆነ። ሊቀመንበሩ በግድግዳ ላይ ሥዕል አሳየን።

«ሶ፣ እዚህ ጋ ስድሳ መኪና ፓርክ ያደርጋል» አለ። «ድንጋዮቹን አንጥላቸውም፣ ኦኬ? በሪስፔክት አጥሩ ዳር እንደረድራቸዋለን፤ አስፋልቱ ከላይ ነው የሚያልፈው። አዲስ ቀብር ግን አይኖርም። ማለቴ፣ ኢንሹራንሱም አይፈቅድም፤ ደግሞ ታቦት ወጥቶ ዑደት በምናደርግበት ግቢ የሌላ እምነት ሰው መቅበርም አግባብ አይደለም።»

ዳኛው ከኋላ ወንበር በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። «ቃል ሰጥተናል» አሉ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላል የአገሬ ሰው። ፍትሐት አድርጉላት አላልንም። የራሷ ቄስ አላት። የጠየቀችን አፈር ነው፤ አፈሩም የራሷ ነበር።»

«አባባ፣ እርስዎ ያሉት በቅንነት ነው» አለ ሊቀመንበሩ በትሕትና። «ግን እሱ ቨርባል ነው፣ በአፍ የተባለ። ሰበካ ጉባኤው በድምፅ የወሰነው ነገር የለም።»

በዚህ ጊዜ አልቻልኩም። ተነሣሁ።

«ወንድሜ፣ አሜን ስትል ከአጠገቤ ቆመህ ነበር» አልኩት። «ቨርባል ነው ብለህ ያኔ ለምን አልነገርካቸውም? ቁልፉን ከእጃቸው ከተቀበልን በኋላ ነው ወይ ሕጉ ትዝ ያለህ? ያባትህን አጽም በጆንያ ያወጡብህ ሰዎችም እኮ እንዲህ ነው ያሉህ፤ በሪስፔክት ነው ያሉህ፤ ስብሰባ ተቀምጠው፣ ሥዕል ዘርግተው ነው የወሰኑት። አንተ አልቅሰህ እኛ የረገምነው ደብር ዛሬ እኛ ሆነናል።»

የሰውን ቁስል በአደባባይ መነካካት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ እናቴ ብትሰማ አፌን በበርበሬ ታጥነው ነበር። አልተጸጸትኩም። ሊቀመንበሩ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ወረቀቱን አገላበጠ፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «እጅ እናውጣ» አለ። እጅ ወጣ። አብዛኛው ሰው ደገፈው። በዐይኔ ያየኋቸው እጆች እማማ በለቅሶ ቤታቸው የተቀመጡላቸው ሰዎች እጆች ናቸው። ከእነዚያ አንዷ በኋላ ወጥታ፣ «ምን ላድርግ እህቴ፣ ሁለት ጊዜ ተወስዶብኛል መኪናዬ» አለችኝ። የሰው ልጅ ለመኪና ማቆሚያ ሲል ቀባሪውን ይሸጣል ብለው ቢነግሩኝ አላምንም ነበር።

ከዚያ የባሰው ቀጥሎ መጣ። ሊቀመንበሩ ውሳኔውን ለእማማ እኔ እንድነግራቸው ጠየቀኝ። እሱ እንግሊዝኛ ከእኔ የተሻለ ይናገራል። «አንቺን ይወዱሻል፣ በቀስታ ትነግሪያቸዋለሽ» ይላል።

«ቃሉን በእኔ አፍ ሰጣችሁ» አልኩት። «በእኔ አፍ አትወስዱትም።»

ስለዚህ ራሱ ሄዶ ነገራቸው። ምን እንዳለ አላውቅም። በማግሥቱ እኔ ስሄድ እማማ ማኪኒ ባለው ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ፔካን ይፈለፍሉ ነበር። ስድብ ጠብቄ፣ ለቅሶ ጠብቄ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ለቀባሪው አረዱት» እንደሚባለው የማውቀውን ልትነግሪኝ መጣሽ በሚል ዐይን ሳቁ።

«የእኛም ሽማግሌዎች እንዲሁ ነበሩ» አሉ። «ያንን ሕፃን ከአጥር ውጭ ሲያስቀብሩት ስብሰባ ተቀምጠው፣ ጸሎት አድርገው፣ እጅ አውጥተው ነው። ያ ወንበር የተቀመጠበትን ሁሉ ያበላሸዋል መሰለኝ።» ፔካኑን ማንሣት አቃታቸው፤ ጣታቸው ደጋግሞ ሳተው። «እሱ ግን ብቻውን ይተኛል ማለት ነው?» አሉኝ። ባላቸውን ነው። ከአጠገባቸው ተቀምጬ ፔካኑን እፈለፍል ጀመር።

በዚያው በበጋ፣ ዋልካው በተሰነጠቀበት ሙቀት አረፉ። የወንድማቸው ልጅ ከኦክላሆማ ደውሎ ነገረኝ፤ የሆነ የአውራ ጎዳና ዳር መካነ መቃብር ሊያስቀብራቸው መሆኑንም ነገረኝ፤ «ቤተ ክርስቲያኑ አይሆንም ብሏል አሉኝ» አለ በጨዋነት። ወዲያው ለዳኛው ደወልኩ። እሳቸው ረጅም ነገር አልተናገሩም፤ ስልኩን ዘጉና በእድሩ ቴሌግራም ላይ በድምፃቸው አስተላለፉ። በወጣትነታቸው ሰፈራቸው ውስጥ ጥሩምባ ነፊ ነበሩ፤ ድምፁ ያው ነው።

«የእድር ልጅ የሆናችሁ፣ እህታችን እማማ ዐርፈዋልና ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከባለቤታቸው ጎን ስለሚቀበሩ አካፋ ያለው አካፋ፣ ዶማ ያለው ዶማ ይዞ ይምጣ። ያልመጣ በእድሩ ደንብ ይጠየቃል።»

ምንም ፈቃድ አልጠየቁም፤ የት እንደሚቀበሩ ብቻ ነው የነገሩን። ከእስላሙም ከጴንጤውም፣ እድሩ ውስጥ ያለ ሁሉ «እመጣለሁ» እያለ ጻፈ። በስብሰባው እጃቸውን ያወጡትም ጻፉ። ማታ ሊቀመንበሩ ኮል አደረገልኝ።

«ሶ፣ ሰበካ ጉባኤው በስልክ ተነጋግሯል» አለ። «ለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ልዩ ፈቃድ ሰጥተናል። በርኅራኄ።»

በርኅራኄ። ከዚያ ሁሉ ነገር እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ይህ ቃል ነው። እምቢ ብለው ቢጸኑ ኖሮ ጠላቴን አውቅ ነበር። ዕዳቸውን ምጽዋት አድርገው ሰጡን፤ ተቀባዩም አመስግን ተባለ።

ቅዳሜ ወንዶቹ በማለዳ መጥተው ቆፈሩ። የደረቀ ዋልካ ምን እንደሆነ የሚያውቀው የቆፈረው ብቻ ነው፤ ዶማው ይነጥራል። የወንድማቸው ልጅ መቆፈሪያ መኪና ላስመጣ ቢል ዳኛው አልፈቀዱለትም፤ ከድንጋዩ አጠገብ ታጣፊ ወንበር ዘርግተው ተቀምጠው፣ ላቡ የሚወርደውን ሁሉ በስሙ እየጠሩ ያበረቱ ነበር። ሳጥኑ ሲመጣ ጣሪያ ባለው በር ሥር፣ በድንጋዩ መደብ ላይ ዐረፈ። እኔ ወደ ደወሉ ቤት ገብቼ ገመዱን ያዝኩ። ዕድሜያቸውን ያህል ደወልኩ፤ መዳፌ እስኪላጥ። ከማዶ «ጥንታዊው የእንግሊዝ መንደር» ነዋሪዎች አንዱ በስልክ ደውሎ የደወሉ ድምፅ እንደረበሸው አቤት አለ። ይህን በኋላ ስሰማ አልተናደድኩም፤ ያን ቀን ለእሱ የሚተርፍ ንዴት አልነበረኝም።

ቄሳቸው ጸልዮ ከጨረሰ በኋላ ሊቀመንበሩ ንግግር አደርጋለሁ ብሎ ተነሣ። በአማርኛ ተናገረ፤ ለኦክላሆማ ሰዎች እንድተረጉም እኔን ጠራኝ። ከአጠገቡ ቆምኩ።

«ቤተ ክርስቲያናችን ለእንግዳ ደጇን የምትከፍት ናት» አለ። «እኒህ እናት የእኛ እምነት ተከታይ ባይሆኑም፣ በኢትዮጵያዊ እንግዳ ተቀባይነታችን በልዩ ፈቃድ በግቢያችን እንዲያርፉ ወስነናል።»

እንግዳ አላቸው። የቅድመ አያታቸው እጅ ያነጸው ግድግዳ ከኋላው ቆሞ፣ እንግዳ።

ወደ ዘመዶቻቸው ዞርኩና በእንግሊዝኛ እንዲህ አልኩ፦ «ቤተ ክርስቲያኑን ስንረከብ እዚህ እንደምንቀብራቸው ቃል ሰጥተን ነበር። ቃላችንን ልናጥፍ ትንሽ ነበር የቀረን። እሳቸው በዚህ ግቢ እንግዳ አይደሉም፤ እንግዶቹ እኛ ነን። በበደላችን ይቅርታ እንጠይቃለን።»

አማርኛው የሚከብዳቸው፣ እዚህ ያደጉ ልጆቻችን ከስልካቸው ቀና አሉ። ሁለቱንም የሰሙት እርስ በርስ ተያዩ። ሊቀመንበሩ ከአጠገቤ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል ሰምቷል። ሊያርመኝ ይችል ነበር። የቀረውን የንግግር ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። የእማማ የወንድም ልጅ ወደ እሱ ሄዶ በሁለት እጁ ጨበጠው፤ «ይህን ማለት ቀላል አይደለም» አለው። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ አፈር ዘግኖ ወደ ጉድጓዱ ጣለ።

ይህን ያየ ሰው ነገሩ እዚያ አበቃ ይል ይሆናል። አላበቃም። ከሰረዟ ቀጥሎ ባዶ የነበረው ቦታ አሁን ዓመት ተቀርጾበታል፤ እማማ ከባላቸው ጎን ናቸው። ውሳኔው ግን አልተሻረም። በየስብሰባው እጠይቃለሁ፤ «አጀንዳ ላይ አለ» እባላለሁ። ሌሎቹ የመንደሩ ሙታን ዘመድ የላቸውም፣ ዳኛም የላቸውም፣ ልዩ ፈቃድ የሚለምንላቸውም የለም። ችካሎቹ ሪባናቸውን እያውለበለቡ እስካሁን በመካከላቸው ቆመዋል።

ስለዚህ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ምእመኑ ሁሉ እያየኝ፣ በነጠላዬ ወደ መቃብሩ እሄዳለሁና አንድ ችካል ነቅዬ መኪናዬ ኋላ እጥላለሁ። በሳምንቱ አንድ ሰው መልሶ ይተክለዋል። እኔም መልሼ እነቅለዋለሁ። ባለፈው እሁድ የእማማ ግርጌ ያለውን ስነቅል ሊቀመንበሩ በደጀ ሰላሙ ቆሞ ሲያየኝ ነበር። ችካሉን በእጄ እንደያዝኩ በአጠገቡ አለፍኩ። ሊጠይቀኝ ከፈለገ ይጠይቀኝ፤ ጎረቤቶቼ ናቸው እለዋለሁ።